አርባ አንድ በመቶ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ዳቦ ቤቱ ጓሮ፣
ቫኑ ጠብቆኛል በገመድ ታስሮ።
እንደ አራስ ልጅ እትብት ሽቦውን ነቅዬ፣
«መቶ» ለሚለው ቁጥር «እንዳፍህ ያርግልኝ» ብዬ፣
እወጣለሁ።

ከኋላዬ ሙልሙል፣ ገና እንፋሎት የሚተፋ፤
ከፊቴ ማሞቂያ፣ ብነካው ኪሎሜትር የሚያጠፋ።
አልነካውም። ብርድ ልብሴን ጉልበቴ ላይ ጠቅልዬ፣
የምድጃ መልእክተኛ፣ በውርጭ ተጠብሼ፣ በስሎልኛል ብዬ
ትሮንድሄምን አቋርጣለሁ።

በመጨረሻው ዳገት ጫፍ፣ ቀይ በር ያለው ቤት፣
ወይዘሮ ጉንቮር አሉ፤ ሰማንያ ስድስት ዓመት
እና አንዲት ድመት።
የድሮው ናፍጣ ቫኔ ሲያጓራ፣ ሲያስል፣
መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ፣ ማንኪያው ከስኒው ጋር ቅጭል ሲል፣
ይነቁ ነበር። ሰዓታቸው እሱ ነበር፤
ለልባቸው ክኒን፣ ለድመቷ ወተት፣ ለቀናቸው መጀመር።

ጥቅምት ላይ ይሄኛው መጣ። እንደ ጥላ ያልፋል።
ክኒኑ ሰዓቱን ሳተ፤ ድመቷ ደጅ ታለቅሳለች፤ እሳቸውን እንቅልፍ ይጥላል።
በሦስተኛው ሳምንት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ፣
«ዳቦውን ተውከው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።
«የለም እሜቴ፤ በየሌሊቱ አለሁ። ድምፄን ብቻ ነው የሸጥኩት።»
«ለማን?» አሉኝ።
መልሱን ኪሴ ውስጥ ፈለግሁት፤ አጣሁት።

ከቀትር በኋላ፣ ወደቡ አጠገብ፣ ባትሪ መሙያው ሰልፍ ላይ፣
ሁሉም ነቢይ ነው፤ በአንድ እጁ ሽቦ፣ በአንድ እጁ ሻይ።

ቶርጌይር መካኒኩ፣ ጥፍሩ ሥር የሠላሳ ዓመት ቅባት፣
«ስምንት ዓመት ስጠው፤ ከዚያ የባትሪ ሬሳ ነው» ይላል፤ «ማን ሊገዛው? የት ሊቀበር? ንገረኝ በናት!
ናፍጣ ሲታመም፣ ጆሮዬን ደረቱ ላይ ጥዬ
አውቅለት ነበር። ይሄ ዝም። ምን ሐኪም ነኝ ልበል፣ ኮምፒውተር ጠይቄ፣ ኮምፒውተር ታዝዤ?»
(ድምፁ ሲሰበር ሰማሁት። ስለ ባትሪ አልነበረም።)

ዝቢግኒየቭ ቧንቧ ሠሪው፣ ተጎታች ያለው፣
«ለከተማ ይሁን» ባይ ነው።
«ኦፕዳል መንገድ፣ ተራራ ላይ፣ ማዕበል መሐል ቢያልቅብኝ፣
መብራት በጀሪካን አይቀዳ! ማን ይደርስልኝ?»

አለቃችን ኢንጉን ደብተሯን ትገልጣለች፤
«ነዳጅ ይህን ያህል ነበር፣ ዘይት ይህን ያህል» ትላለች።
ስለ ምድር ሙቀት ከአፏ አንድ ቃል አልወጣም፤
ሃይማኖቷ ድምር ነው፤ ድምር ደግሞ አያቆላምጥም።

እኔስ?
ሽቅብ ስወጣ፣ ቁጥሩ እንደ ባለዕዳ ሲሸሸኝ፣
ከነቶርጌይር ወገን ነኝ።
ቁልቁል ስወርድ ግን፣ እግሬን ካነሳሁ ጀምሮ፣
ዳገቱ የበላውን ሲተፋ በጥቂት፣ ቆጥሮ ቆጥሮ፣
ዋናውን ባይሞላም ብድሩን አልካደኝም እላለሁ፤
ከሰው ስንቱን አይቻለሁ!

የነገውን አላውቅም። ነገን ያየ ሰው ሰልፉ ላይ አልገጠመኝም።
የማውቀው ይህን ነው፦ ከእንግዲህ ልብሴ ናፍጣ አይሸትም፣
ጆሮዬም ማታ ማታ ብቻውን አያጉረመርምም፤
አንዲት ባልቴት ግን ያለ ሰዓት ቀሩ።

ጡሩምባ በሌሊት ክልክል ነው። ስለዚህ እቆማለሁ ከበሩ።
አርባ አንድ በመቶ ይላል ቁጥሩ፤ የመመለሻው መንገድ አለብኝ፤
በሩን በከፈትኩ ቁጥር ብርዱ ገብቶ የሚሰርቀኝ ይመስለኛል።
ቢሆንም እወርዳለሁ።
በአንድ ሙልሙል ጫፍ መስኮቱን ሁለቴ እመታለሁ፤
ድው፣ ድው።
እጠብቃለሁ። ፍርፋሪው በረዶው ላይ ይወርዳል።
ከዚያ መብራት። የድመቷ ጆሮዎች ከመጋረጃው ሥር እየታዩ፣
«ሁለት ደቂቃ ዘገየህ» ይሉኛል፣
ሰዓት ሳያዩ።